ሳንቃና ክር

ሰበታ፣ ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
አየሩ፦ ጠዋት ውርጭ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ የለም።
የነበርነው፦ እኔ፣ ገለቴ፣ ወንድሜ ኡዘይር።

ሄመን፣

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አድርጌዋለሁ፤ ከተረፈ ታገኚዋለሽ።

«የአልጌ ሰንጠረዡን ሲያዩት ምን ተሰማዎት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለእኔ የላክሽው ገና አልደረሰኝም። ያየሁት ባለፈው እሑድ ሱሉልታ ነው፤ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ በሚሰበሰብበት ቤት፣ ግድግዳ ላይ በአራት ሚስማር ተመትቶ።

ሃያ አራት ሥዕል አለበት፤ ሃያ አራቱንም እጄ ያውቃቸዋል። እንደ ሪባን የተጠማዘዘው ክሎሮፕላስት፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ኮከቦች፣ ሲኒ የሚመስለው፣ መረቡ፣ እንደ አምባር ዞሮ ጫፍና ጫፉ ሳይገጥም የቀረው። የሣልኩበት የብስኩት ካርቶን መስመር ሳይቀር ከአምባሩ ጋር አብሮ ታትሟል። የማያውቅ ሰው የአልጌው አካል ይመስለዋል።

ስሜ አለመኖሩን ያየሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቁጥር 14ን እና ቁጥር 15ን ነው። በ14 ሥር «ሰፊ ሳንቃ፤ የንጹሕ ውሃ» ብለሻል። በ15 ሥር «ቀጭን ክር፤ የተበከለ ውሃ ምልክት» ብለሻል። ሄመን፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። አንድ አልጌ፣ አንድ ሕዋስ፣ አንድ ክሎሮፕላስት። ብርሃን ሲያንስ ፊቱን ያሳይሻል፤ ብርሃን ሲበረታበት ይዞርና በጎኑ ይቆማል። ሳንቃን በጎኑ ካየሽው ክር ነው። ይህን ያን ጊዜ መስኮቱ ጋ ተቀምጠን ነግሬሻለሁ። አንቺ ስልክሽን ትነካኪ ነበር።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስሚ። ገለቴን ታስታውሻታለሽ። እዚህ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ለልምምድ በነበርሽበት ጊዜ፣ የዓሣ ጫጩት ልትወስድ በመጣች ቁጥር በማር ጠርሙስ ውሃ ታመጣልኝ የነበረችው ሴት። በመንደሯ፣ በሱሉልታ፣ ሦስት ጥጃ ታመመ። ከዓሣ ኩሬዋ የሚወጣው ውሃ ከብት ወደሚጠጣበት ጅረት ስለሚወርድ ኩሬው ይመርመር ተባለ። ተድላ የሚባል የፕሮጀክታችሁ አሠልጣኝ ማይክሮስኮፕና ሰንጠረዥ ይዞ መጣ። ውሃውን በቀትር ቀድቶ፣ ፀሐይ ላይ አቆይቶ፣ ክር አየ። ኮሚቴው ኅዳር 22 ቀን ኩሬው ተከፍቶ እንዲፈስና እንዲደፈን ወሰነ። ዓሣዎቹ ለጾሙ ገበያ ሊደርሱ ነበር። የሁለት ዓመት ሥራዋ ነው፤ ሌላ የላትም።

ቁጥር 14ን እና 15ን የሣልኩት ከማን ውሃ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከገለቴ ውሃ።

ዛሬ እዚህ መጥታለች። እንዲህ አለችኝ፦ «መብሩኬ፣ ሥዕሉ ያንቺ እጅ ነው አይደል?»

«ነው» አልኳት።

«ታዲያ እጅሽ ለምን ከሰሰኝ?»

መልሱን አንቺ ጻፊው። ሁለቱ ሥዕሎች የአንድ አልጌ እንደሆኑ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ላኪ። ስልክ ስለማታነሺ ይህን የሚያደርስልሽ ለኡዘይር ሱቅ ሙዝ የሚያመጣው አይሱዙ ነው፤ መልሱንም ለሾፌሩ ስጪ። ካርቶኖቼንም «ኮፒ አድርጌ እመልሳለሁ» ብለሽ ከወሰድሽ ሦስት ዓመት ሆኖሻል።

ሰላምታ አልተረፈም።

መብሩካ


አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ መብሩካ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ያምዎት የነበረው እንዴት ሆነ? ጋሽ ኡዘይርስ ደህና ናቸው? ሾፌሩ ደብዳቤዎን አድርሶልኛል። እኔ ከዚህ ሙቀት በቀር ደህና ነኝ። ምሳችንን አብረን እንበላበት የነበረው የጣቢያው ጀርባ ሣር ሁልጊዜ ይናፍቀኛል። ከዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ሁሉ የበለጠ ያስተማሩኝ እርስዎ እንደሆኑ ለሰው ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም።

ለጠየቁኝ መልስ፣ አዎ፣ ካርቶኖቹ እኔ ዘንድ ናቸው። በደህና ተቀምጠዋል። ስምዎ አለመግባቱ እኔንም አሳዝኖኛል። አዘጋጆች ሆነው የሚጻፉት የፕሮጀክቱ ባለሙያዎች ብቻ ናቸው ተባለ። ሆኖም ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ «ለጣቢያው የጽዳት ሠራተኞችና ሾፌሮች ምስጋናችን ይድረስ» የሚል አለ። ያንን ያስገባሁት እርስዎን አስቤ ነው።

ስለ ቁጥር 15 ግን አንድ ነገር ባስታውስዎ ቅር አይበልዎት። በዚያ ካርቶን ጀርባ፣ በእርስዎው እጅ፣ «ከወንዙ፣ የሚሸት» ተብሎ ተጽፏል። እኔ የተከተልኩት እሱን ነው።

በሁለተኛው ኅትመት ስምዎ እንዲገባ የቻልኩትን አደርጋለሁ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ በእኛ መካከል ቢቆይ ለሁላችንም ይበጃል ብዬ አምናለሁ። ወይዘሮ ገለቴን በእኔ ስም ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ
ሄመን


ሰበታ፣ ሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
አየሩ፦ ደመና የለም፣ ብርዱ እጅ ይቆርጣል።
የነበርነው፦ እኔ ብቻ።

ሄመን፣

ገለቴን ሰላም አልልልሽም። ራስሽ መጥተሽ በያት፤ ኩሬው ዳር፣ አካፋ የያዙት ሰዎች ሲደርሱ።

ምስጋናውን አነበብኩት። ሾፌሮቹንም ጠየቅኋቸው። ሁሉም አልጌ ሥለን አናውቅም አሉኝ።

ስለ ካርቶኑ ጀርባ አንስተሻል። እንግዲህ አስታውሺ። ካርቶኑ አንድ ነበር። ሳንቃው በግራ፣ ክሩ በቀኝ፣ በመሃላቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ቀስት። ከቀስቱ በላይ «ግማሽ ሰዓት፣ መስኮት ላይ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀስቱ የት ሄደ? ለኮፒ ማሽኑ እንዲመችሽ በመቀስ ለሁለት ቆርጠሽዋል። ሁለት ቁራጭ ስታገኚ ሁለት አልጌ አደረግሻቸው።

ጀርባው ላይ ያለው ማስታወሻ የመረቡ ነው። መረቡን ያገኘሁት ከወንዙ ነው፣ ወንዙም ይሸታል። ካርቶን ሲያልቅብኝ ሁለቱንም ፊት እጠቀማለሁ። የአንዱን ሥዕል ማስታወሻ በሌላው ጀርባ መጻፍ አልነበረብኝም፤ የእኔ ጥፋት ያ ነው። ይህን ያህሉን እቀበላለሁ። ከዚህ በላይ ግን ኢምንት አልጨምርልሽም። ካርቶኑን ገልብጠሽ ጀርባውን ያነበብሽ ሰው፣ ፊቱን ለምን አላነበብሽም?

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ክሎሮፕላስት የሚለውን ቃል ያገኘሁት ኡዘይር ስኳር በሚጠቀልልበት የመጽሐፍ ገጽ ላይ ነው፤ ገጹ ከመሃል ተቀድዶ ነበር። «ቅርጹም እንደ» ይልና ያልቃል። እንደ ምን? ቀጣዩን ግማሽ አላገኘሁትም። ስላላገኘሁት በጣቢያው የማጥባቸውን ስላይዶች ከማጠቤ በፊት በማይክሮስኮፕ ማየት ጀመርኩ። አሥራ አንድ ዓመት አየሁ። ያላየሁትን አንድም አልሣልኩም። እኔ የተናደድኩት ስሜን ስለወሰድሽ ብቻ ይመስልሻል። ዓይኔንም ወስደሽ የማያይ አደረግሽው።

ደብዳቤሽ ውስጥ የጠየቅሁሽ ገጽ አልነበረም። ሃያ አንድ ቀን ቀርቷል።

መብሩካ


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ መብሩካ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቅርታ ብዬ መጀመር የነበረብኝ ባለፈው ነው።

ማኅተም ያለበት ገጽ ጠይቀውኛል፤ ማኅተሙን የሚይዘው ኃላፊዬ ነው። ነገሩን እንዲረዳ ብዬ ደብዳቤዎን አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አንድ ቦታ ላይም በእስክሪብቶ አሰመረበት። ሰንጠረዡ በብዙ ወረዳ ተሰራጭቷል፤ ጥር ላይ ግምገማ ስላለ እስከዚያ ይቆይ አለኝ።

ያልነገርኩዎት አንድ ነገር አለ። ቋሚ ሠራተኛ የሆንኩት በዚህ ሰንጠረዥ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሞቲን የማስተምረው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ እንዲያውቁ ነው።

ኮሚቴው እስከ ጥር እንዲታገስ ቢለምኗቸውስ?

ሄመን


ሰበታ፣ ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አየሩ፦ ደረቅ፣ ነፋሻ፣ አቧራ።
የነበርነው፦ እኔና ኡዘይር። ኡዘይር «ስድብ አትጻፊ» ብሎኛል። እሞክራለሁ።

ሄመን፣

ለመንኳቸው። ትናንት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሱሉልታ ሄድኩ። ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ፤ ከምታማርሪበት ሙቀት ጋር አንብቢው።

ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢው ኦቦ ደገፋ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ አነጋገራቸው ለስላሳ። ሁለቱ ሥዕሎች የአንድ አልጌ እንደሆኑ፣ የሣልኳቸውም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አንዱ ወጣት «ማዘር፣ እዚህ ላይ አራት ዶክተር አለ፤ የአንቺ ስም የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ወደ ሰንጠረዡ ቀርቦ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ፈለገልኝ። «ሾፌር ነሽ እንዴ?» አለ። እንደገና ሳቁ። ገለቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ስሜ ለክብር የምፈልገው ነገር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ስሜ ቢኖር ኖሮ ገለቴ ምስክር ይኖራት ነበር። ምስክሯን ነው የፋቅሽው።

ኦቦ ደገፋ ዝም አሰኟቸውና «ልጄ፣ እኛ ወረቀት አይተን ወሰንን፤ ወረቀት ካመጣሽ ወረቀት እናያለን» አሉኝ። ጥጃዎቹ ለምን እንደታመሙ አላውቅም፤ አውቃለሁም አላልኳቸውም። በክሩ ምክንያት እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ስለ ሞቲ የጻፍሽውን አነበብኩ። ልጁን አልጠላውም፤ ይማር። ግን በገለቴም ቤት የሚበላ አፍ አለ።

ሌላ አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፣ ያለ ሰላምታና ያለ ይቅርታ። ሰንጠረዡ ከመታተሙ በፊት ቁጥር 15ን አንድ ጊዜ እንኳ፣ በራስሽ ዓይን፣ በማይክሮስኮፕ አይተሽው ታውቂያለሽ?

መብሩካ


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

አላየሁትም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ከሐይቁ ዳር ውሃ ቀዳሁ። ሪባኑን አገኘሁ፣ መረቡን አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ሳንቃውን አገኘሁት። መስኮት ላይ አድርጌ ሳልነሣ ጠበቅሁ። ሲዞር አየሁት፣ እትዬ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ወደ ኃላፊዬ ቢሮ ገብቼ ገጹ ካልተጻፈ አልወጣም አልኩ።

ተጽፏል፤ ማኅተምም አለበት። ከዚህ ጋር በታሸገው ፖስታ ውስጥ ነው። ኩሬው እንዳይነካ ይላል። ቃላቱ የእኔ አይደሉም። ሁለተኛውን አንቀጽ እንዲያወጣ ለመንኩት፤ «ስህተቱ የእነሱ ካልሆነ የእኛ ነው ማለት ነው» አለኝ። በእሱ ላይ መፈረም ነበረብኝ፣ ፈረምኩ። ሲያነቡት የሚሆኑትን እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

ካርቶኖቹ ሠላሳ አንዱም በሾፌሩ እጅ ናቸው። የተቆረጠውን አልለጠፍኩትም፤ እንዳለ ነው።

ሄመን


ሰበታ፣ እሑድ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
አየሩ፦ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከሰዓት በኋላ ቀላል ነፋስ።
የነበርነው፦ እኔ፣ ኡዘይር፣ ካርቶኖቹን ያመጣው ሾፌር።

ሄመን፣

«የሚሆኑትን» ብለሻል። ምን እንደሆንኩ ልንገርሽ። ፖስታውን ሱቁ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳነብ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ ሾፌሩ ሰምቷል። ቁጥር 14 እና 15 አንድ አልጌ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ በዚህ ምክንያት የተወሰደ ማንኛውም እርምጃ ይቁም። ጥሩ። ሁለተኛውን ግን እዚህ እገለብጥልሻለሁ፣ በእጄ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል እንድታይው፦

«ስህተቱ የተፈጠረው ሥዕሎቹን ያዘጋጀችው የዕቃ አጣቢ ወ/ሮ መብሩካ ሐምዱ በካርቶኑ ጀርባ የተሳሳተ ማስታወሻ በመጻፏ ሲሆን፣ ይህንንም ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በጻፈችው ደብዳቤ በራሷ አምናለች።»

ኃላፊሽ በእስክሪብቶ ያሰመረበት የት እንደነበር አሁን ገባኝ። ሥዕሉ ያማረ ጊዜ የጽዳት ሠራተኞችና ሾፌሮች ነበርን። የተሳሳተ ጊዜ ስሜን ከነአባቴ አገኘሁት። አባቴ ሐምዱ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሮ የሞተ ሰው ነው፤ በአንድ ሜትር እንኳ ሰው አላታለለም።

ማስታወሻው የተሳሳተ አልነበረም። እውነት ነበር፤ የሌላ ሥዕል እውነት። ይህን አንቺ ታውቂያለሽ፣ አውቀሽም ፈርመሻል። ሃያ ስምንት ደቂቃ መጠበቅሽን አልክድብሽም። በሦስት ዓመት ውስጥ ያደረግሽው ደግ ነገር እሱ ነው፤ ወዲያው ሸጥሽው።

ኡዘይር ገጹን አንብቦ «ቅደጂው» አለኝ። ወንድሜ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ለገለቴ በስልክ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ታችኛውን አታንብቢው፤ እጠፊና ላዩን ብቻ አሳዪያቸው» አለችኝ። ማኅተሙ ግን ከታች ነው።

ደብዳቤውን ሳላሽገው አቆየዋለሁ። ነገ የማደርገውን ጨምሬበት እልክልሻለሁ።


ሰኞ ኅዳር 22፣ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰገድኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት ወጣሁ። ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሱሉልታ ደረስኩ። ገለቴ ውሃውን ማታ ቀድታ፣ ጠርሙሱን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። ኩሬው ዳር አካፋ የያዙ አምስት ሰዎች ነበሩ። ኮሚቴው ቤት ውስጥ ሰባቱም ተቀምጠዋል፤ ተድላ ከማይክሮስኮፑ ጋር አለ። ከውሃው አንድ ጠብታ ልይ አልኩት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ዕቃ ማጠብ አይደለም» አለኝ።

«ተዋት፤ አጥባም ቢሆን ታሳየን» አሉ ኦቦ ደገፋ። «አንተ ያየኸው ባልታጠበ መስታወት ይሆናል።»

ስላይዱን አዘጋጀሁ። ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሰባቱም ተራ በተራ አዩ፤ ሰፊ አረንጓዴ ሳንቃ። ተድላም አየ። ማይክሮስኮፑን ከነስላይዱ መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጥኩና ማንም እንዳይነካው አልኩ። ጠበቅን። ያ ሾፌር ነሽ ወይ ያለኝ ወጣት «ማዘር፣ ትሬይለሩ እስኪዞር ነው?» አለ። ዛሬ የሳቀለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ላይ ኦቦ ደገፋ ጎንበስ ብለው አዩ። «ኩኒ ማሊ!» አሉ። ቀና ብለው አዩኝና እንደገና ጎንበስ አሉ። «ይሄ ምንድን ነው! ቀጠነ።»

«አልቀጠነም፣ ኦቦ። ዞረ።»

ሁሉም አዩ። ተድላ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ከዚያ «ዓይኔን አልክድም» አለ፤ «ግን የላኩኝ ከሰንጠረዡ ጋር ነው። እሱን የሚሽር ማኅተም ከሌለ ውሳኔ አንስቼ መፈረም አልችልም።»

ገጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ገለቴ በሩ ላይ ነበረች፤ በዓይኗ እጠፊው አለችኝ። አላጠፍኩትም። ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከቀኑ ጀምሮ እስከ ፊርማሽ ድረስ አነበብኩት። የዕቃ አጣቢ የሚለውን አነበብኩ። ስሜን ከነአባቴ አነበብኩ። በራሷ አምናለች የሚለውን አነበብኩ።

ተድላ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ሁለተኛውን አንቀጽ ለብቻው አነበበና «ስህተቱ የእርስዎ ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

ሰባቱም ያዩኝ ነበር። ወጣቱም። አይደለም ብል ወረቀቱን ማመን ይተዋል፤ ወረቀቱን ማመን ከተወ አምስቱ አካፋዎች ውጭ እየጠበቁ ነው።

«እዚያ ላይ ተጽፏል» አልኩት። «ፈርም።»

ፈረመ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር።